የምፔምባ ጥያቄና የእኛ የትምህርት ዕቅድ

ሳይንስን፣ ቴክኖሎጂን፣ ምህንድስናንና ሒሳብን አዋሕዶ ማስተማር ያስፈልጋል የሚለው አሳብ ዛሬ በየስብሰባውና በየሥልጠናው ይነገራል። አሳቡን የሚቃወም መምህር አላጋጠመንም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ይኸውም ዕቅዱ በሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የ7ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል መምህር እሑድ ማታ ደብተሩን ዘርግቶ «ነገ ምኑን ከምኑ ጋር ላዋሕድ?» ብሎ ሲያስብ የሚረዳው ጽሑፍ እምብዛም አያገኝም። በመሆኑም በዚህ እትም አንድ አጭር ጽሑፍ መርጠን ልንመረምር አሰብን። ጽሑፉ ስለ ትምህርት ዕቅድ የተጻፈ አይደለም። ሆኖም በጎረቤታችን በምሥራቅ አፍሪካ የተማረ አንድ ወጣት የራሱን ታሪክ የጻፈበት፣ ከተማሪዎች አይስክሬም ተነሥቶ እስከ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሚደርስ በመሆኑ፣ ስለ ተዋሐደ ትምህርት ከብዙ መመሪያዎች ይልቅ ያስተምራል ብለን እናምናለን። ጉድለትም አለበት፤ ጉድለቱም ራሱ ትምህርት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ጽሑፉ ምን ይላል?

«ፊዚክስ ኤዱኬሽን» በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በ1969 «ቀዝቃዛ?» የሚል ትርጉም ያለው አንድ አጭር ጽሑፍ ወጣ። ጸሐፊዎቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያውን ክፍል የጻፈው ታንዛኒያዊው ኤራስቶ ምፔምባ ሲሆን፣ ሁለተኛውን ክፍል የጻፉት በዳሬሰላም የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር የነበሩት ዶክተር ዴኒስ ኦዝቦርን ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በ1963፣ ምፔምባ በማጋምባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ በነበረበት ጊዜ ነው። ተማሪዎቹ አይስክሬም ይሠሩ ነበር። አሠራራቸው ወተቱን አፍልቶ፣ ስኳር ጨምሮ፣ ቀዝቀዝ እስኪል ጠብቆ ወደ ማቀዝቀዣው ማስገባት ነበር። አንድ ቀን ግን የማቀዝቀዣው ቦታ ሊሞላ ሆነ። አንዱ ልጅ ቦታ እንዳይቀድሙት ፈርቶ ወተቱን ሳያፈላ ስኳር ብቻ በጥብጦ አስገባ። ምፔምባም በበኩሉ የፈላውን ወተት እስኪቀዘቅዝ ቢጠብቅ የመጨረሻዋን መያዣ እንደሚያጣ ስለተረዳ፣ ማቀዝቀዣው ቢበላሽም ይበላሽ ብሎ ትኩሱን ወተት እንዳለ ከተተው። ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ተመልሰው ቢያዩ የምፔምባ ወተት ረግቶ በረዶ ሆኗል፤ የጓደኛው ግን ገና ወፍራም ፈሳሽ ነበር።

ልጁ ምክንያቱን የፊዚክስ መምህሩን ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ተምታቶብህ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም የሚል ነበር። ምፔምባም ለጊዜው አምኖ ተወው። ይሁን እንጂ ታንጋ ከተማ አይስክሬም የሚሸጥ ጓደኛው እነርሱም ቶሎ እንዲረጋላቸው ትኩሱን ወተት እንደሚያስገቡ ነገረው። ከዚያም በኢሪንጋ ወደሚገኘው ወደ ምክዋዋ ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛወረ። እዚያም የኒውተንን የመቀዝቀዝ ሕግ ሲማሩ ያንኑ ጥያቄ አነሣ። መምህሩ ይህ የዓለሙ ፊዚክስ ሳይሆን የምፔምባ ፊዚክስ ነው ብለው መለሱለት። ከዚያን ቀን ወዲህ በሒሳብ ትምህርት እንኳ ሲሳሳት የክፍል ጓደኞቹ የምፔምባ ሒሳብ እያሉ ይቀልዱበት ጀመር።

ልጁ ግን አልተወውም። አንድ ከሰዓት በኋላ የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ባዶ ሆኖ ስላገኘው፣ በሁለት ትንንሽ ቤከሮች የቧንቧ ውሃና የፈላ ውሃ ቀድቶ ማቀዝቀዣው ውስጥ አኖራቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ በሁለቱም በረዶ ነበር፤ ይበልጥ የነበረው ግን የፈላው ውሃ በነበረበት ቤከር ነው።

በመጨረሻም ዶክተር ኦዝቦርን ስለ ፊዚክስና ስለ አገር ልማት ንግግር ለማድረግ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመጡ ምፔምባ ጠየቃቸው። በሁለት ተመሳሳይ ዕቃዎች እኩል ውሃ ተደርጎ፣ የአንዱ ሙቀት 35 ዲግሪ፣ የሌላው 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን፣ በ100 ዲግሪ የነበረው ቀድሞ የሚረጋው ስለምንድን ነው? ተማሪዎቹ ሳቁ። እንግዳው ግን አልሳቁም። ልጁ ሳይሳሳት አይቀርም ብለው ቢያስቡም እንሞክረዋለን ብለው ሄዱ። ዳሬሰላም ሲመለሱም አንድ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ እንዲሞክረው አዘዙ። ሠራተኛው ትኩሱ እንደ ቀደመ ከገለጸ በኋላ፣ «ትክክለኛው» ውጤት እስኪገኝ ድረስ መደጋገማችንን አናቆምም ብሎ ተናገረ። ድጋሚው ሙከራም ያንኑ አሳየ ይላል ጽሑፉ።

የጽሑፉ ብርታት

የጽሑፉ የመጀመሪያ ብርታት አነሣሡ ነው። ጥያቄው ከመጽሐፍ አልመጣም፤ የመጣው ከወተት፣ ከስኳርና ከቦታ ጥበት ነው። አሁን ልብ ብለን እንመልከት። ወተቱ ያለው በተማሪዎቹ መመገቢያ ነው። ሕጉ ያለው በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ነው። ለሙከራ የተገኘው ማቀዝቀዣ ያለው በባዮሎጂ ክፍል ነው። የንግድ ልምዱ ያለው ከታንጋ አይስክሬም ሻጮች ዘንድ ነው። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ያመጣቸው ምንም ዓይነት ዕቅድ ሳይሆን ጥያቄው የያዘው ልጅ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ሠርቶ የለያያቸውን አንድ ተማሪ በእግሩ እየተመላለሰ አገናኛቸው።

ስለሆነም ከጽሑፉ የምናገኘው የመጀመሪያው መመዘኛ ይህ ነው፤ የትምህርት ዓይነቶችን የሚያዋሕዳቸው ርዕስ ሳይሆን ጥያቄ ነው። አንድ ጥያቄ ያለ ልኬት፣ ያለ ሠንጠረዥ፣ ያለ ሙቀት ዕውቀትና ያለ መሣሪያ ሊመለስ የማይችል ሲሆን ውሕደቱ በራሱ ይመጣል። ጥያቄው ከሌለ ግን አራት የትምህርት ዓይነቶችን በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ አራት የትምህርት ዓይነቶችን በአንድ ወረቀት ላይ ከመጻፍ አያልፍም።

ሁለተኛው ብርታት ሐቀኝነቱ ነው። ምፔምባ መምህራኑን ለማዋረድ አልጻፈም። መሳቂያ መሆኑን፣ ለጊዜውም ተስፋ ቆርጦ እንደ ነበር፣ ምን አይቶ ምን እንዳላየ በቅደም ተከተል ነግሮናል። ተማሪዎቻችን የሙከራ ሪፖርት ሲጽፉ «ውጤቱ ከመጽሐፉ ጋር ተመሳሳይ ሆኗል» ብለው ነው የሚዘጉት። ያን ያህል ተመሳሳይ ውጤት ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከመጽሐፉ ነው። የዳሬሰላሙ ሠራተኛ ተናገረው የተባለው ቃል የሚያስቀው እኛም ክፍል ውስጥ በየሳምንቱ ስለምንሠራው ነው።

የጽሑፉ ጉድለት

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ግን ጽሑፉን በጭፍን ማድነቅ አይገባም። ታሪኩ በብዙ ቦታ የሚነገረው «ተማሪው ትክክል፣ መምህሩ ስሕተት» በሚል መደምደሚያ ነው። እኛ በዚህ አንስማማም።

በመጀመሪያ፣ የ1963ቱ ወተት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የአንዱ ወተት ፈልቷል፤ የሌላው አልፈላም። ልዩነታቸው የሙቀት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ወተት ሲፈላ ከውሃው የተወሰነው ይተናል፤ የወተቱም ጠባይ ይለወጣል። ታዲያ ቀድሞ የረጋው ትኩስ ስለነበረ ነው ወይስ የፈላ ስለነበረ? ከታሪኩ ይህን መለየት አይቻልም። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ሊያገኘው የሚችል ጉድለት በመሆኑ ለክፍል ውይይት እጅግ ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ «ረጋ» ማለት ምን ማለት ነው? ሙቀቱ 0 ዲግሪ ሲደርስ ነውን? የመጀመሪያው የበረዶ ስባሪ ሲታይ ነውን? ወይስ እስከ ታች ድረስ ሲጠጥር? በባዮሎጂ ቤተ ሙከራው በሁለቱም ዕቃ በረዶ ነበር፤ ልዩነቱ የመጠን ነበር። ከዚያ በኋላ በጉዳዩ ላይ የሠሩ ሰዎች የሚለያዩበት አንዱ ምክንያት እያንዳንዳቸው ሌላ ሌላ ነገር በመለካታቸው ነው።

ሦስተኛ፣ የ100 ዲግሪው ነገር ነው። የኢሪንጋ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ በጥያቄው ውስጥ የገባው 100 ከቴርሞሜትር ሳይሆን ከመጽሐፍ የመጣ ይመስለናል። በዚህ ልጁን አንወቅስም፤ እኛም በአዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እየፈላ ተማሪዎቻችንን «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብለን እናስጽፋለን። ምጽዋ ላይ እውነት የሆነው እንጦጦ ላይ እውነት አይደለም። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ተማሪዎች ለክተው ቢያገኟት ሳይንስና ጂኦግራፊ በአንድ ድስት ተቀቀሉ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የመጨረሻው ፍርድ እስከ ዛሬ አልተሰጠም። ትኩስ ውሃ ቶሎ ይረጋል የሚለውን ነገር አስቀድሞ አርስቶትል፣ ቆይቶም ፍራንሲስ ቤከንና ዴካርት አንሥተውታል። በ2012 የእንግሊዝ የኬሚስትሪ ማኅበር ምክንያቱን እንዲያስረዱ ሰዎችን ቢጋብዝ ከ22,000 በላይ መልስ መጣለት። በ2016 ደግሞ ሄንሪ በሪጅና ፖል ሊንደን የተባሉ ተመራማሪዎች በጥንቃቄ ሞክረው የተባለውን ነገር የሚደግፍ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘንም አሉ። ቴርሞሜትሩ የተቀመጠበት ጥልቀት በጥቂቱ እንኳ ቢለያይ ትኩሱ የቀደመ ሊያስመስል እንደሚችልም አሳዩ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ተመሳሳይ ጠባይ በሌሎች ነገሮች ላይ ታይቷል ይላሉ።

ታዲያ ምፔምባ ተሳስቶ ነበርን? ጥያቄው የተሳሳተ አልነበረም። መምህሩ «አይሆንም» ማለታቸው ሳይሆን፣ ሳይሞክሩ «አይሆንም» ማለታቸው ነው ጥፋቱ። ታሪኩን በጀግናና በጥፋተኛ ከፍለን ብናስተምረው ግን እኛም ያንኑ ጥፋት እንደግማለን፤ ሳንለካ ፈራጅ እንሆናለንና።

ወደ ራሳችን ዕቅድ

በኢትዮጵያ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ በአንድ የጄኔራል ሳይንስ መጽሐፍ ተጠቃለዋል። መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን በአንድ ሽፋን መጠረዝ መዋሐድ አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ተገምዶ ሲገኝ ነው እንጂ በየልቃቂቱ ተቀምጦ አይደለም። የባዮሎጂ ሠልጣኝ የነበረው መምህር የፊዚክሱን ምዕራፍ ሲደርስ በጥድፊያ ካለፈው፣ የፊዚክሱም መምህር ስለ ሕዋስ የሚናገረውን እንዲሁ ካነበነበው፣ መጽሐፉ አንድ ሆኖ ትምህርቱ እንደ ተለያየ ይቀራል።

የምናያቸው ዕቅዶችም ከዚህ አይርቁም። ርዕሱ «ልብ» ሲሆን በሒሳብ ዓምድ «የልብን ክፍሎች መቁጠር» ተብሎ ይጻፋል፤ በቴክኖሎጂ ዓምድ «የልብን ሥዕል በስልክ ማሳየት» ይባላል። አራት ድረስ መቁጠር ለ7ኛ ክፍል ተማሪ ምን ሒሳብ ነው? ይልቁንስ ተማሪው በእረፍትና ከሩጫ በኋላ የልብ ምቱን በደቂቃ ቆጥሮ፣ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀበት ከጓደኞቹ ጋር ቢያነጻጽር፣ አማካይና ግራፍ የግድ ያስፈልጉታል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ሒሳቡ ቢወጣ ጥያቄው ይሞታልን? ካልሞተ ሒሳቡ ጌጥ ነበር ማለት ነው።

ነቀፋ ብቻ እንዳይሆንብን፣ ከምፔምባ ታሪክ ተነሥተን ማቀዝቀዣ በሌለበት ትምህርት ቤት ሊሠራ የሚችል ባለ አራት ክፍለ ጊዜ ዕቅድ እናቀርባለን። ጥያቄው «ትኩስ ውሃ ቶሎ የሚቀዘቅዘው በየትኛው ዕቃ ነው? እንዳይቀዘቅዝስ ምን እናድርግ?» የሚል ነው።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች ጣሳ፣ ብርጭቆና የሸክላ ስኒ ቀርቦላቸው ግምታቸውን ከነምክንያቱ በደብተራቸው ይጽፋሉ። ከመለካት በፊት መጻፉ ግዴታ ይሁን። ከዚያ ምን ምን እኩል መሆን እንዳለበት ይወስናሉ፤ የውሃው መጠን፣ የመነሻው ሙቀት፣ ዕቃው የሚቀመጥበት ቦታ፣ ቴርሞሜትሩ የሚገባበት ጥልቀት። የመጨረሻው የ2016ቱ ተመራማሪዎች ስጦታ ነው። የወተቱን ታሪክ እዚህ ላይ መንገርና «ጉድለቱ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መለካት ነው። መነሻው 60 ዲግሪ ቢሆን ይበቃል፤ የፈላ ውሃ ለልጅ እጅ አደገኛ ነው፣ የሚቀዳውም መምህሩ ይሁን። ቴርሞሜትሩም የአልኮል እንጂ የሜርኩሪ ባይሆን ይመረጣል። በየሁለት ደቂቃው ለ20 ደቂቃ ይነበባል። ያለው ቴርሞሜትር አንድ ብቻ ከሆነ ዕቃዎቹን በየተራ በተለያየ ቀን መለካት ይቻላል፤ ግን የዚያን ቀን የክፍሉ ሙቀት አብሮ ይመዝገብ።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የሒሳብ መምህሩ ነው። ተማሪዎች ግራፉን ይሠራሉ፤ መስመሩ ቀጥ ያለ አለመሆኑንም ያያሉ። ለምን? ኒውተን የመቀዝቀዝ ፍጥነት በዕቃውና በአካባቢው መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ጋር ይመጣጠናል ይላል። ክፍሉ 20 ዲግሪ ከሆነ በ60 ዲግሪ ያለው ውሃ ልዩነቱ 40 ነው፤ 40 ዲግሪ ሲደርስ ልዩነቱ 20 ይሆናል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ግማሽ መሆን ይገባዋል። ሆኖልን? ክዳን በሌለው ዕቃ ትነት ስለሚጨመር ቁጥሩ በትክክል ላይገጥም ይችላል። ያን ጊዜ መምህሩ ቁጥሩን «አያስተካክል»። አለመግጠሙ ራሱ የሚቀጥለው ጥያቄ ነው።

በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ውሃውን ለግማሽ ሰዓት የሚያሞቅ መያዣ ይሠራሉ። ምንም ነገር መግዛት አይፈቀድም፤ ጭድ፣ አሮጌ ጨርቅ፣ ጋዜጣና ካርቶን ይበቃል። ለክተው፣ ጉድለቱን አይተው፣ አንድ ነገር ብቻ ለውጠው እንደገና ይለካሉ። ነጥብ የሚሰጠው ይበልጥ ላሞቀው ቡድን ሳይሆን፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሥራ መካከል ምን ለውጦ ምን እንዳገኘ ለሚያስረዳው ነው። እናቶቻችን ጀበናውንና የእንጀራ መሶቡን እንዴት እንደሚሸፍኑ ልጆቹ ከቤት ጠይቀው ቢመጡ ደግሞ የምህንድስና ዕውቀት ከየት እንደሚጀምር ይገባቸዋል።

ስለሚነሡ ተቃውሞዎች

በአንድ ክፍል 60ና 70 ተማሪ ይዘን ይህ እንዴት ይሆናል የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ተቃውሞው እውነተኛ ነው፤ በቃላት ድለላም አይጠፋም። ስለዚህ በየሳምንቱ አንልም። በአንድ መንፈቀ ዓመት አንድ ጊዜ፣ ሁለት መምህራን ተስማምተው አንድ ጥያቄ ቢሠሩ ብዙ ነው። ፈተናው ይህን አይጠይቅም የሚልም አለ። ግራፍ ማንበብ፣ ንጽጽርና የሙቀት መተላለፍ በፈተናው ውስጥ አሉ። የማይጠየቀው ጠያቂ መሆን ብቻ ነው።

ሁሉም ነገር ይዋሐድ አንልም ደግሞ። ቀመር መፍታት የራሱ ልምምድ ይፈልጋል፤ የኬሚካል ምልክቶችን ማወቅም እንዲሁ። ያለ ክር የሚገመድ ገመድ የለም። የትምህርት ዓይነቱ ራሱን ችሎ ካልጠነከረ የሚዋሐድ ነገር አይኖርም።

ለማጠቃለል፣ «ቀዝቃዛ?» የተባለው ጽሑፍ ስለ በረዶ የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ስለ ትምህርት ያነሣው ጉዳይ ግን አያከራክርም። ምፔምባ ከሁለት መምህራን ዘንድ ተመልሶ ሦስተኛውን የጠየቀ ልጅ ነበር። ከመጀመሪያው መልስ በኋላ ዝም ያሉትን ግን አናውቃቸውም፤ የሚጽፍላቸው የለምና። እኛም ክፍል ውስጥ የእነርሱ ብዛት ምን ያህል እንደሆነ የምናውቀው አንችልም።

እናንተ ተማሪዎች፣ ስትጠይቁ ከጥያቄያችሁ ጋር ምን እንዳያችሁ፣ በምን እንደ ለካችሁ ይዛችሁ ኑ። እናንተ መምህራን፣ የምታዘጋጁት ዕቅድ በሙሉ ቢረሳ እንኳ ዶክተር ኦዝቦርን በዚያን ቀን ያደረጉትን አትርሱ፤ የማያውቁትን ነገር አላውቅም፣ እንሞክረው ብለው ሄዱ፤ ሄደውም ሞከሩት።